ክትባት ከባድ ጉዳት ቢያደርስ ጎንደር ላይ ሆናችሁ ካሳ የምትጠይቁበት መንገድ

ይሄን የምጽፈው ክትባት ወስዶ ከባድ ነገር ለደረሰበት ሰውና ለቤተሰቡ ነው። ክትባት ተዉ የሚል ነገር ከኔ አትጠብቁ፣ ኩፍኝና መንጋጋ ቆልፍ በልጅ ላይ ምን እንደሚያደርጉ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ግን ለሚሊዮኖች የሚሰጥ መድኃኒት ጥቂት ሰዎችን በጣም ሊጎዳ ይችላል፣ እነዚህ ሰዎች ክንዳቸውን የሰጡት ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ለአገርም ብለው ነው፣ ስለዚህ ጉዳታቸውን ብቻቸውን ተሸክመው ቤት እንዲቀሩ መተው ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምን የተለየ ሕግ አስፈለገ

የተለመደው የካሳ ክርክር እንዲህ ነው፣ አንድ ሰው ጎዳኝ፣ ጥፋቱ ይሄ ነው፣ ምስክሬ እነ እገሌ ናቸው፣ ዳኛው ይፍረድልኝ ነው። ክትባት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይሄ መንገድ አያስኬድም። ሲስተሯ በሥርዓቱ ነው የወጋችው፣ ፍሪጁ ቅዝቃዜውን ጠብቋል፣ ፋብሪካውም በደንቡ ነው ያመረተው፣ ሆኖም የአንዱ ሰው ሰውነት ክፉ ምላሽ ሰጥቶ ሽባ ሆኖ ይቀራል። ታዲያ ማን ይከሰስ? ያጠፋ ሰው የለም፣ የተጎዳ ሰው ግን አለ። ለዚህ ነው ብዙ አገሮች ጥፋተኛ ሳይፈለግ ካሳ የሚከፈልበት አሠራር ያወጡት። ጀርመን በ1961 ጀመረች፣ እንግሊዝ በ1979፣ አሜሪካ በ1986፣ እስራኤል በ1989 ሕግ አወጡ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ነው)። በነዚህ አገሮች ተጎጂው ማንም እንዳጠፋ ማስረዳት አይጠበቅበትም፣ ማሳየት ያለበት ጉዳቱ ከባድ መሆኑንና ከክትባቱ ጋር መያያዙን ነው።

እኛ አገር ለሁሉም ክትባት የሚሠራ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ለኮቪድ ክትባት ግን በኮቫክስ (የኮቪድ ክትባት ለአገሮች ያከፋፍል በነበረው ዓለም አቀፍ ጥምረት) በኩል ለመጣው ዓለም አቀፍ የካሳ ፕሮግራም አለ፣ ኢትዮጵያም ውስጡ ካሉት 92 አገሮች አንዷ ናት። ይሄን የሚያውቅ ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ በጣም የሚያናድደኝም ይሄ ነው፣ መብቱ ተቀምጦ ሰው ሳይሰማ ጊዜው እያለፈበት ነው። ለሌሎቹ ክትባቶች ደግሞ ያለን የ1952ቱ (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሁለቱንም እየነጠልኩ እነግራችኋለሁ፣ ግን በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት ነው፣ እሱም የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

1. መጀመሪያ ሕክምና

ከክትባት በኋላ ትኩሳት፣ የተወጋው ቦታ ማበጥ፣ ድካም፣ ልጅ መነጫነጭ የተለመደ ነው፣ በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የተወጋ ሕፃን ክንዱ ላይ ቁስል ወጥቶ ጠባሳ ይተዋል፣ ያም የሚጠበቅ ነው። ዝም ተብሎ የማይታለፈው ግን ይሄ ነው፦ በተወጋ በደቂቃዎች ውስጥ ፊት ማበጥና መተንፈስ ማቃት (ለዚህ ነው ከተከተባችሁ በኋላ እዚያው ትንሽ ቆዩ የሚሏችሁ፣ አትቸኩሉ)፣ ሕፃን ልጅ ሲያንዘፈዝፈው፣ ራስን መሳት፣ እግር ወይም እጅ መስነፍ፣ ከቀናት በኋላ የሚመጣ የማያቋርጥ ከባድ ራስ ምታት፣ የእግር እብጠት ወይ የሆድ ሕመም፣ የደረት ሕመም። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ከባሰ በቀጥታ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ስለ ጸበል አንድ ነገር ልበል፣ የማንንም እምነት ለመንካት አይደለም። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም አይቶት፣ ተመርምሮ፣ የታየው ነገር ካርዱ ላይ ይስፈር። ምክንያቱም ሁለት ሦስት ሳምንት ጸበል ቆይቶ የመጣን ሰው ሐኪም ሲያየው ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ማረጋገጫ አይኖረውም፣ ደሙ ውስጥ የነበረው ምልክትም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ክትባቱ ነው ያመጣው የሚለውን ማስረዳት በጣም ይከብዳል። ደግሞ አንዳንዱ በሽታ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ አይመለስም።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ «እንዲህ አመመኝ» ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፣ «በዚህ ቀን ይሄን ክትባት ተከትቤ ነበር» በሉ። ብዙ ሰው ክትባቱን ሳይጠቅስ ይወጣል፣ ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ከዓመት በኋላ ማንም አያምንላችሁም።

2. ለከተባችሁ ሰው ንገሩና እንዲመዘገብ አድርጉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጠብ ይዞ ይሄዳል። ልጄን ገደላችሁት ብሎ ጤና ጣቢያው በር ላይ የሚጮህ አባት ሕመሙ ይገባኛል፣ ግን በዚያ ሰዓት ሲስተሯ ትፈራለች፣ ራሷን ለመከላከል ስትል ምንም አልጽፍም ትላለች፣ የምትጎዱት እናንተው ናችሁ። ጥፋተኛ የማይፈለግበት ካሳ ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው፣ ሲስተሯን መክሰስ አያስፈልጋችሁም፣ እንዲያውም ዋና ምስክራችሁ እሷ ናት። እንዲህ ብትሏት ይበቃል፦ «ሲስተር፣ እርስዎን ለመክሰስ አይደለም የመጣሁት። ልጄ ከክትባቱ በኋላ እንዲህ ሆነብኝ፣ ሪፖርት እንዲደረግልኝና የባች ቁጥሩን እንዲጽፉልኝ ነው የምለምንዎት።» የባች ቁጥር ማለት ክትባቱ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለይ ቁጥር ነው። በደንብ ከተነገራቸው አብዛኞቹ ይተባበራሉ።

ጤና ባለሙያ ከክትባት በኋላ የደረሰን ከባድ ጉዳት ሪፖርት ማድረግ ግዴታው ነው። ፎርም አለው፣ ይሞላና በጤና መዋቅሩ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሄዳል። ባለሥልጣኑ 8482 የሚባል ነጻ የስልክ መስመርም አለው፣ ራሳችሁ ደውላችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ከደወላችሁ ያናገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ማስታወሻ ላይ ያዙ፣ የምዝገባ ቁጥር ከሰጧችሁም ጻፉት። ገጠር ከሆናችሁ፣ ደንቢያም ሁኑ ወገራ፣ መጀመሪያ ጤና ኬላ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሯት፣ የቤተሰቡ ፎልደር እሷ ጋ ነው ያለው።

ከሪፖርቱ በኋላ ጉዳዩ ተመርምሮ ምክንያቱ በባለሙያዎች ኮሚቴ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት አሠራር ምክንያቶቹን እንዲህ ይለያቸዋል፦ ክትባቱ በባሕርይው ያመጣው፣ ክትባቱ ሲመረት በነበረ የጥራት ጉድለት የመጣ፣ በአሰጣጥ ስህተት የመጣ (ለምሳሌ በተበከለ መርፌ፣ ወይ መቀመጫ ላይ ተወግቶ ነርቭ ከተነካ)፣ በመርፌ ፍርሃት የመጣ (ራስ ማዞርና መውደቅ)፣ እና እንዲያው በአጋጣሚ የተገጣጠመ ሌላ በሽታ። ይሄን ማወቅ ለናንተ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም መንገዳችሁን የሚወስነው ይሄ ነው። ክትባቱ በባሕርይው ካመጣው የሚያዋጣው ጥፋተኛ የማይፈለግበት ካሳ ነው፣ የአሰጣጥ ስህተት ከሆነ የፍርድ ቤት ክስም አብሮ ይታሰባል፣ አጋጣሚ ከሆነ ግን የትም ካሳ የለም። ከክትባት በኋላ የመጣ ሁሉ በክትባት የመጣ አይደለም፣ በተለይ ሕፃናት ብዙ በሽታ በሚይዛቸው ዕድሜ ላይ ነው የሚከተቡት። ይሄን አስቀድሞ በልብ መያዝ ጥሩ ነው፣ ኮሚቴው አይደለም ቢል ሁሉም ተማክሮ ካደኝ እንዳትሉ።

3. ወረቀት መሰብሰብ

እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ፣ ሰው የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ።

የክትባት ካርዱን ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ካርዱ ላይ የክትባቱ ስም፣ የተሰጠበት ቀንና የባች ቁጥሩ መኖር አለበት። የባች ቁጥሩ ካልተጻፈ ክትባቱን ወደሰጣችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መዝገብ ላይ አይታችሁ እንዲጽፉላችሁና ማህተም እንዲያደርጉበት ጠይቁ፣ በዚያ ቀን የትኛው ብልቃጥ እንደተከፈተ መዝገብ ይኖራቸዋል። ይሄን ነገር ቶሎ አድርጉት፣ መዝገብ ይቀየራል፣ ሠራተኛ ይዛወራል፣ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ የቆየበትን ጊዜም ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ስለዚህ ሁሉንም በወረቀትም በስልክም ያዙ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ።

ከሆስፒታል ደግሞ የሕክምና ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ማስረጃው ላይ መቼ እንደገባችሁ፣ ስንት ቀን እንደተኛችሁ፣ ምርመራው ምን እንዳሳየ፣ አሁን የቀረው ጉዳት ቋሚ ነው አይደለም የሚለው ይኑርበት። «ታሟል፣ ታክሟል» የሚል ሁለት መስመር ወረቀት ለሕመም ፈቃድ ይሆናል እንጂ ለካሳ አይሆንም። ዶክተሩን ለካሳ ማመልከቻ እንደሆነ ንገሩት፣ የጉዳቱን መጠን እንዲገልጽ ጠይቁት። የላብራቶሪ ውጤት፣ ሲቲ ስካን፣ ራጅ፣ ሪፈር ወረቀት፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ደረሰኝ አንድም አትጣሉ። የሆስፒታል ካርድ ቁጥራችሁንም ለብቻ ጻፉት።

አሁን ወደ ሁለቱ ወጥመዶች ልግባ።

አንደኛው ቀን ነው። የክትባት ካርዳችሁ ላይ ያለው ቀን በኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፣ ሐኪሙ የሚጽፈው በፈረንጅ ነው፣ ፎርሙ የሚጠይቀው በፈረንጅ ነው። ለምሳሌ አገራችን ውስጥ የኮቪድ ክትባት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፣ ያ በፈረንጅ ማርች 13 ቀን 2021 ነው። አንድ ሰው ካርዱ ላይ 4/7/13 የሚል ተጽፎለት እሱን እንዳለ ፎርም ላይ ቢገለብጠው ፈረንጁ ጁላይ 4 ቀን 2013 ብሎ ነው የሚያነበው፣ ኮቪድ ሳይኖር የተከተበ ሰው ሆነ ማለት ነው፣ ማመልከቻው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉና አብራችሁ አያይዙ፣ የወሩንም ስም በፊደል ጻፉት። ሰዓትም እንደዚያው ነው፣ ሦስት ሰዓት ተከተብኩ ስትሉ በፈረንጅ ከጠዋቱ 9 ሰዓት ነው፣ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት ደግሞ በተለይ ለአለርጂ ትልቅ ማስረጃ ነው፣ በስድስት ሰዓት ልዩነት ሊበላሽ አይገባም።

ሁለተኛው ስም ነው። የኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ቦታ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ቦታ በሌላ ዓይነት ይጻፋል፣ ኃይለማርያም የሚባል ሰው አንዱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ሆኖ ሌላው ላይ ሁለት ተከፍሎ ታገኙታላችሁ። ለውጭ ሰው እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። የሕፃን ልጅ ካርድ ላይ ደግሞ የእናት ስም ብቻ ያለበት ጊዜ አለ፣ ወይ የልጁ ስም ከክርስትና በፊት ስላልወጣ «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ተመዝግቧል። መታወቂያ ወይ ፋይዳ ላይ ባለው ስም ሁሉንም አስተካክሉ፣ የማይስተካከል ከሆነ ከቀበሌ «በዚህና በዚህ ስም የሚጠሩት አንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ አጽፉ። ለሕፃን የልደት ሰርተፍኬት አውጡ፣ ያለሱ ወላጅ መሆናችሁን ማሳየት አይቻልም።

የራሳችሁን ማስታወሻም ጀምሩ። ደብተር ላይ፣ በየቀኑ፣ ምን እንዳያችሁ፣ ማን እንዳየው፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠ። ልጁ ሲያንዘፈዝፈው በስልክ ቪዲዮ ከቀረጻችሁ ለሐኪም በጣም ይጠቅማል። ግን ቪዲዮውን ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ አትልቀቁት፣ እለምናችኋለሁ፣ የልጁ ገመና ነው፣ ደግሞ ሌላ እናት አይታው ልጇን ከኩፍኝ ክትባት ብታስቀር በደሉ ሌላ ቤት ይሻገራል።

4. የኮቪድ ክትባት ከሆነ፦ የኮቫክስ ፕሮግራም

የመጀመሪያው የኮቫክስ ክትባት የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፣ ወደ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ። ፕሮግራሙን የዓለም ጤና ድርጅት ነው ያቋቋመው፣ ማመልከቻ የሚቀበለውና የሚያየው ኢሲስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ገንዘቡ የመጣው ለጋሾች በከፈሉት ዶዝ ላይ በተጨመረ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው፣ ስለዚህ የመንግሥትን ካዝና አይነካም፣ አመለከታችሁ ተብሎ ማንም ሊቆጣችሁ አይገባም።

ማን ነው የሚያገኘው? ክትባቱ በኮቫክስ በኩል የመጣ መሆን አለበት። ጉዳቱ ሆስፒታል ያስተኛ ወይም ተኝቶ የነበረን ሰው ቆይታ ያራዘመ ሆኖ ቋሚ የአካል ጉዳት፣ ሙሉም ሆነ ከፊል፣ ያስቀረ መሆን አለበት፣ ወይም ሞት ያስከተለ። እናት ተከትባ በፅንሱ ላይ ከልደት ጋር የመጣ ቋሚ ጉዳት ከደረሰም ይታያል። ለሳምንት አልጋ ላይ ጥሎ የተወ ትኩሳት እዚህ ውስጥ አይገባም።

ክትባቱ በኮቫክስ መምጣቱን በስሙ ብቻ መለየት ያስቸግራል። አስትራዜኒካ፣ ጆንሰን፣ ፋይዘር በኮቫክስ ገብተዋል፣ ሲኖፋርም ግን መጀመሪያ የመጣው ከቻይና በቀጥታ በእርዳታ ነው። ከየት እንደመጣ የሚናገረው የባች ቁጥሩ ነው፣ ለዚህ ነው ከላይ አጥብቄ የነገርኳችሁ።

ማመልከቻው እንዲህ ነው። ድረ ገጹ ኮቫክስክሌምስ ዶት ኮም ነው። ሁለት ፎርም ታወርዳላችሁ። አንዱ የማመልከቻ ፎርም ነው፣ እሱን ተጎጂው ወይ ወኪሉ ይሞላል። ሌላው የማስረጃ ፎርም ነው፣ እሱን የሚሞላውና የሚፈርመው ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ ነው፣ በተለይ ያከማችሁ ሐኪም ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛውን ፎርም አስሞልቶ ማግኘት ነው ከባዱ ሥራ፣ ሐኪሞቻችን ወረፋ በዝቶባቸዋል፣ ስለዚህ የምርመራ ውጤታችሁን በቅደም ተከተል አደራጅታችሁ፣ የቀን ዝርዝሩን ከላይ አድርጋችሁ፣ ታትሞ የተዘጋጀ ፎርም ይዛችሁ ሂዱ። ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ «ኦንላይን አውርደው ሙሉልኝ» ብትሉ የሚሆን አይደለም። ሐኪሙ ክትባቱ ነው ያመጣው ብሎ እንዲምል አትጫኑት፣ ያየውን ምልክት፣ ያገኘውን ውጤትና የቀረውን ጉዳት በሐቅ ቢጽፍ ይበቃል፣ ግንኙነቱን የሚመዝኑት የፕሮግራሙ ባለሙያዎች ናቸው።

ኮምፒውተር የማትችሉ ፒያሳ ወይ ማራኪ ካሉት ኢንተርኔት ቤቶች አንዱ ጋ ሄዳችሁ አስቃኙ፣ ግን ፋይሉን ኮምፒውተሩ ላይ ትታችሁ እንዳትመጡ፣ ኢሜይላችሁንም ራሳችሁ ክፈቱ፣ በሰው ኢሜይል አትላኩ፣ መልሱ የሚመጣው በዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማር የወንድም የእህት ልጅ ካላችሁ እሱን ይዛችሁ ብትሠሩት ጥሩ ነው።

ማመልከት ነጻ ነው። ጠበቃ አያስገድድም። ከሚገኘው ላይ ይሄን ያህል ፐርሰንት ስጠኝ፣ እኔ አስጨርስልሃለሁ የሚል ደላላ ከመጣ አትስማሙ፣ የሚያስጨርሰው ነገር የለም።

ገንዘቡ ስንት ነው ለሚል፣ ስሌቱ የአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ገቢ በ12 ተባዝቶ እንደገና በጉዳቱ መጠን ይባዛል። ለምሳሌ ያህል የነፍስ ወከፍ ገቢው 1,000 ዶላር ቢሆን መነሻው 12,000 ዶላር ነው፣ ከዚያ ጉዳቱ ምን ያህል ነው ተብሎ ይቀነሳል ወይ ይጨመራል። አንድ ጊዜ የሚከፈል ነው፣ የወር ደመወዝ አይደለም። እኔ በግሌ ይሄ ስሌት ቅር ይለኛል፣ እግሯ የሰነፈ የጎንደር እናትና እግሯ የሰነፈች የሌላ አገር እናት ሸክማቸው አንድ ነው፣ የአገር ገቢ ሲያንስ የእግር ዋጋ ሊያንስ አይገባም። ቢሆንም ከምንም ይሻላል፣ ውሰዱት።

ከመውሰዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ። ገንዘቡን ስትቀበሉ ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ ማንንም አልጠይቅም ብላችሁ ነው የምትፈርሙት። ማመልከት በራሱ የመክሰስ መብታችሁን አይወስድም፣ ክፍያውን ተቀብሎ መፈረም ግን ይወስዳል። ስለዚህ የምትፈርሙትን ወረቀት ቋንቋውን በሚችል ሰው አስነብቡ፣ ከተቻለ ለጠበቃ አሳዩ። ካልተቀበሏችሁ ደግሞ ይግባኝ አለው፣ ለምን እንዳልተቀበሏችሁ የጻፉትን አንብቡ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለ ማስረጃ ነው፣ እሱን አሟልታችሁ በተሰጣችሁ ጊዜ ውስጥ መልሱ። ኮቫክስ ራሱ በፈረንጅ 2023 መጨረሻ ተዘግቷል፣ የካሳ ፕሮግራሙም ማመልከቻ መቀበል የሚያቆምበት ቀን ድረ ገጹ ላይ አለ፣ ፎርሙን ከማውረዳችሁ በፊት እሱን እዩ።

5. የልጆች ክትባት ወይም ሌላ ክትባት ከሆነ

የፔንታ፣ የፖሊዮ፣ የኩፍኝ፣ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት፣ እነዚህ በኮቫክስ አይሸፈኑም። ያለው መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። እዚያ ውስጥ ባለሙያ የሙያውን ደንብ ሳይጠብቅ ሲጎዳ ኃላፊ የሚሆንበት አንቀጽ አለ (2031)፣ በሰው አካል ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የሚናገር አለ (2067)፣ ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው በዕቃው ስለሚደርስ ጉዳት የሚጠየቅበትም አለ (2085)። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጥፋት ባይኖርም ኃላፊነት የሚያመጡ ናቸው፣ ለክትባት ይሠራሉ አይሠሩም የሚለውን ጠበቃ ነው የሚከራከርላችሁ። እናንተ በቃላችሁ መያዝ ያለባችሁ አንቀጽ 2143ን ነው፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰሳችሁ በይርጋ ይቀራል። ሽማግሌ ይዩት፣ ቢሮው ደብዳቤ ይመልስልን እያላችሁ ሁለት ዓመቱን እንዳትበሉት። ሽምግልናው ጎን ለጎን ይሂድ፣ ቀኑን ግን ቁጠሩ።

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዚያ ሄዳችሁ ጠይቁ። የዳኝነት ክፍያም ከሌለ በደሃ ደንብ ክስ መመሥረት ይቻላል፣ ለዚህ ከቀበሌ ማስረጃ ታመጣላችሁ። ለሕክምናው ወጪ የማህበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ እሱን ተጠቀሙ፣ መዋጮውን ሳታቋርጡ። ልጁ አካል ጉዳት ከቀረበት ፊዚዮቴራፒውን ካሳ እስኪመጣ አታዘግዩት፣ የልጅ ጡንቻ ጊዜ አይሰጥም።

የአንድ ልጅ ቤተሰብ ብቻውን ፋብሪካና መንግሥት ከስሶ ይረታል ብዬ አላታልላችሁም፣ ከባድ ነው። ለዚህ ነው ለሁሉም ክትባት የሚሠራ ሕግ ያስፈልገናል የምለው፣ ብዙ ሀብታም መሆን አያስፈልግም፣ አሜሪካኖቹ እንኳ ፈንዳቸውን የሞሉት ክትባቱ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ በዶዝ 75 ሳንቲም ቀረጥ እየጣሉ ነው። የምክር ቤት አባላችሁን ስታገኙ ይሄን ጠይቁት፣ በደብዳቤም ጻፉለት።

6. ሰው ከሞተ

ይሄን መጻፍ ይከብደኛል፣ ግን ካልጻፍኩት ቤተሰቡ በለቅሶ መሀል ሁሉም ነገር ያመልጠዋል። እኛ ጋ ቀብር በዕለቱ ነው። ከቀብሩ በፊት አንድ ረጋ ያለ ዘመድ፣ አጎትም ይሁን የዕድር ሰው፣ ሐኪሙ ጋ ሄዶ ሟቹ መቼ እንደተከተበ ይንገርና የሞቱ ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠን ይበል። የአስከሬን ምርመራ ቤተሰቡ ከፈቀደ ትልቅ ማስረጃ ነው፣ ካልፈቀደም ማንም አይፈርድበትም፣ ግን ቢያንስ የሆስፒታሉ የሞት ማስረጃ ይያዝ። ቤቱ የሞተ ከሆነ ደግሞ ያዩት ሰዎች ያዩትን ጽፈው ይፈርሙ። ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ጋ አስመዝግቡ። ካሳ ለመጠየቅ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል፣ ሟች ሕፃናት ልጆች ካሉት የሞግዚትነቱም አብሮ። የአርባው ዝግጅት እስኪያልፍ እንጠብቅ ከተባለ ይሁን፣ የባች ቁጥሩ ግን አርባ ቀን አይጠብቅም፣ እሱን በሳምንቱ አውጡት።

7. ውጭ ያለ ዘመድ ከሆነ የተጎዳው

ከጎንደር ወጥቶ ውጭ የሌለ ዘመድ ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ይሄንም ላኩላቸው። እስራኤል ያሉት በ1989ኙ የክትባት ተጎጂዎች ሕግ መጠየቅ ይችላሉ። እንግሊዝ ያሉት ጉዳታቸው 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ 120,000 ፓውንድ አንድ ጊዜ ይከፈላቸዋል፣ 60 ካልሞላ ምንም የለም። አሜሪካ ሁለት ፕሮግራም ነው ያለው፣ የልጆችና የተለመዱት ክትባቶች በአንዱ፣ ምልክቱ ከጀመረ በ3 ዓመት ውስጥ፣ የኮቪዱ በሌላው፣ በተከተቡ በ1 ዓመት ውስጥ፣ ሁለተኛው በጣም አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው አምልጦታል። በመጀመሪያው ፕሮግራም ቢሸነፉ እንኳ በቅንነትና በበቂ ምክንያት ያመለከተ ሰው የጠበቃውን ክፍያ ፈንዱ ይሸፍንለታል፣ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብለው እንዳይተዉት ንገሯቸው። ካናዳ በፈረንጅ ከ2021 ጀምሮ የራሷ ፕሮግራም አላት፣ ኪቤክ ግን ከዚያ ቀድማ ለብቻዋ ነበራት፣ እዚያ ያለ ሰው የኪቤኩን ይጠይቅ። ካሳ የሚጠየቀው ክትባቱ በተሰጠበት አገር ነው፣ ጎንደር ተከትቦ ከዚያ የሄደ ሰው የዚያን አገር ፈንድ መጠየቅ አይችልም፣ የኮቫክሱን ግን የትም ሆኖ ማመልከት ይችላል፣ የጎንደር ወረቀቱን እናንተ አውጥታችሁ ብትልኩለት ነው። እሱም ውክልና ይላክላችሁ፣ ያለ ውክልና የሰው የሕክምና ማስረጃ አይሰጣችሁም።